ደሼ፣ ሁለት ሰው

ከመስኮቴ በታች የጀሶ አፎች አሉኝ፤
ምላስ ያልተሰጣቸው፣ ቀን ሙሉ ዝም ብለው አፍ አፌን የሚያዩኝ።
ስማቸው በእርሳስ ነው፦ የሙጋዷ ሙሽራ፣ የጢጣው ግንበኛ፣
ከጥጉ የይመር ነው፣ የመናኸሪያው ጯኺ፣ የኮምቦልቻው ደንበኛ።
ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ ሁለት ጥርስ የሚያህል፤
በሩን ነቅለው የሄዱበት የባለዕዳ ክፍል።
ሐረጎ ላይ ነበር፣ ጉም የወረደ ለት፣
ጎማ ሲቀይሩ ክሪኩ አመለጠ፤ ከንፈሩን ሰንጥቆ ሁለቱን አወጣለት።

ከዚያ ወዲያ "ሰ" እምቢ አለችው፤
በክፍተቱ ሾልካ ስትወጣ "ሸ" ሆና ቀረችው።
"ደሼ! ደሼ! ሁለት ሸው!" ሲል
ሚኒባሱ ይሞላል፣ ግማሹ ሊሳፈር፣ ግማሹ ሊስቅ፤
ይመር የሚባል ስም ከመናኸሪያው አጥር እያደር ሲርቅ
"ደሼ" ብቻ ቀረ።

በቅጽሉ አልከፋውም። የከፋውን ሲያወጋኝ፦
"ሰፈሬን እጠራለሁ፤ ሸዋበር አይጠፋኝ፤
ከተማዋ ናት እንጂ፣ እትብቴ ያለባት፣
ስሟን ባነሣሁ ቁጥር ሌላ አገር የምትሆንብኝ፣ የማልደርስባት።"
("ሰ"ዎቹን እዚህ የሞላሁለት እኔ ነኝ።)

ዶክተር ነጃት መስታወት ሰጥታ አሳየችው፤
"መላው ድልድይ ነው" አለችው፤
"ግን ድልድይ ተሸካሚ ይሻል። ከግራ ከቀኙ ጤነኞቹን ሞርደን፣
በነሱ ትከሻ ባዶውን ተሻግረን።"

ይመር አፉን እንደከፈተ ዝም አለ፤ ቆይቶ፣
"እነሱ ምን አጠፉ?" አለ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ።
"ያን ቀን ከጎን ቆመው፣ ብረት ሲያልፍ አይተው፣
በስንት መከራ ተርፈው፣
ዛሬ በሰላም ቀን ለጎረቤት ጉድለት ይታረዱ?"
እኔ ጣልቃ ገባሁ፦ "ቦርከና ላይስ ድልድይ ሲሠሩ
ዳርና ዳሩን አይደል የናዱ?"
"መሬት አያመውም" አለኝ።
ጃኬቱን አነሣ። ሄደ።

ሁለት ወር ጠፋ። ክረምት ገባ፤ ጦሳ ጉሙን ለብሶ አላወልቅ አለ።
አንድ ማክሰኞ መጣ። ለምን እንደመጣ አልጠየቅነውም።
አፉን ከፍቶ ተኛ፤ "ሞርዱ" አለ።

ቀለም ስንመርጥ ግን፦ "እንደ ወረቀት አይንጣ፤
ሠርግ የተጠራ እንግዳ አይምሰል፣ ከአፌ ሲወጣ፤
ትንሽ ጫት፣ ትንሽ ሻይ የቀመሰ ይሁን፤
ወንድሞቹን ይምሰል፤ ይርሳው አዲስ መሆኑን።"

ሌሊቱን ሰሙን ቀረጽኩ፣ በመርፌ ጫፍ፣ ትንፋሼን ይዤ፤
ልስኑን አልብሼ ከምድጃው ዶልኩት፣ እንቅልፌን አደንዝዤ።
ሰሙ ነዶ ወጣ፤ በተወው ባዶ ልክ ብረቱ ፈሰሰ።
ቅኔ ስሙን ከአንጥረኛ ተበደረ ሲሉ እሰማለሁ፤
እኔ ዘንድ ወርቅ የለም፤ ክሮምና ኮባልት ነው፣ ላዩን ፖርሲሊን የለበሰ፤
ግን የነደደው ነው ቅርጹን ያወረሰ።

ሲገባለት ጠቅ አለ። "ንከስ።" ነከሰ።
ምላሱ አዲሱን በር ዳበሰ፣ እንደ ሰው ቤት እንግዳ፤
"ደሴ" አለ፤ ደግሞ "ደሴ"፤
በሦስተኛው ላይ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

በሳምንቱ ጀሶ ልገዛ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤
"ደሴ! ሁለት ሰው!" ይላል፣ ጥርት አድርጎ፤ ሻይ ቤቱ ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ።
ማንም አልዞረ። ዘንቢል ያነገቡ አንዲት ሴት፣
"ደሼ ዛሬ የለም? እሱ ያልጠራውን መኪና ምን ብለን እንግባበት?"
ይመር ግራ ቀኝ አየ። ምላሱን ሰበሰበ።
"ደሼ!" አለ፣ "ሁለት ሸው!"
ሰዉ ተረባረበ።

እኔም ገባሁ። ሐረጎን ስንወጣ፣ ጉሙ ውስጥ፣ በሩን ተደግፎ፣
ሒሳብ መቀበሉን ትቶ፣ ለማንም ሳይሆን፣
"ደሴ" ይላል ከንፈሩ፤ ደግሞ "ደሴ"፣ ትንሽ አርፎ።

የጀሶ አፉን አልጣልኩትም። ክፍተቱ እንዳለ ነው።
ከጦሳ ነፋስ ሲወርድ፣ መስኮቱ ካልተዘጋ፣
በዚያች ቀዳዳ ሲያልፍ የሚለውን
እኔ ብቻ ነኝ የምሰማው።